ስድስተኛው ሰርተፍኬት

ቤተሰቡ «ጽዱ» የሚላት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው በልቶ ሳይጨርስ ሳህኑን አንስታ የምታጥብ ሴት ናት። ሥራዋም እንደዚሁ ነው፤ ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲጭነው፣ ሲሰለቸውም እንዲያነሳው አድርጋ ትጠቀልላለች። «የኔ ጥቅል ሲነሳ አቧራ አይተውም» ትላለች አፏን ሞልታ። እውነቱን ለመናገር፣ ጉራዋ አንዳንዴ ያሰለቻል።

ሰሞኑን የያዘቻት ፕሮግራም ትንሽዬ ናት፤ የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ጊዜው ሳያልፍ በራሷ ታድሳለች። ሰርተፍኬቱ ገጹ አስመሳይ አለመሆኑን ይመሰክራል፤ ከሌለ ሰው ገጹን ሲከፍት ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። ጽዱ ፕሮግራሟን የወደደቻት ተጠራጣሪ ስለሆነች ነው። ከውጭ ጋር የሚነጋገረው ክፍሏ ሰርተፍኬቱ የሚሠራበትን ምስጢራዊ ቁልፍ አያይም፤ ቁልፉን የያዘው ደግሞ ወደ ውጭ ዝር አይልም።

መሞከሪያ ያደረገችው የታናሽ እህቷን መሥሪያ ቤት ነው። እህቷ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ታካሚዎች የምርመራ ውጤታቸውን በላቦራቶሪው ድረ ገጽ ያያሉ። «አንቺ ሆነሽ ነው እንጂ ሌላ ሰው አላስነካም» ብላ አለቃዋን ለምና አስፈቀደችላት።

ጽዱ ጫነች፣ አነሳች፤ አስተካክላ ደግማ ጫነች፣ አነሳች። በተጫነች ቁጥር ፕሮግራሟ አዲስ ሰርተፍኬት ታወጣለች። ለልምምድ የተዘጋጀ ሰርተፍኬት ሰጪ ነበር። እሷ ግን «ለትንሽ ነገር ምን አደከመኝ» ብላ እውነተኛውን ተጠቀመች። በስድስተኛው ላይ ሰጪው እምቢ አለ፤ ለአንድ አድራሻ በሳምንት ከአምስት በላይ አይሰጥም። ክው አለች። የአምስቱንም ቁልፎች፣ ላቦራቶሪው ድሮ ሲጠቀምበት የነበረውን ሳይቀር፣ ጥቅሏ በተነሳ ቁጥር አብሮ ጠርጓቸዋል። ያለ ቁልፉ ሰርተፍኬት ምንም አይሠራም።

ለእህቷ ደወለች።

«ሳምንት ሙሉ?» አለች እህቷ። «ውጤት የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ እኮ!»

«ማስጠንቀቂያውን እለፉት በያቸው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ሌባ የለበትም።»

እህቷ አቋረጠቻት። «አንድ አባት አስመሳይ ገጽ ላይ የይለፍ ቃላቸውን ጽፈው ጉዳቸው አደባባይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ካያችሁ ዝጉት እያልኩ ስለፈልፍ ኖሬያለሁ። አሁን እለፉት ብላቸው ሁለተኛ ማን ይሰማኛል?»

ጽዱ የምትገባበት ጠፋት። ማንንም የማታምን ፕሮግራም ስትጠቀልል ከርማ፣ ሰዎቹ ግን ዝም ብለው እንዲያምኑ ልትጠይቅ ነበር። በመጀመሪያ ያደረገችው ጥቅሉ ሲነሳ ቁልፎቹን እንዳይነካ ማስተካከል ነው። ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ይህም አናደዳት።

ገጹ እንዲዘጋና ታካሚዎቹ በአካል እንዲመጡ ተወሰነ። ጽዱ እየደወለች ለመንገር ራሷ ጠየቀች። እህቷም ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ላከችላት።

«ከላቦራቶሪው ነው እማማ፤ ድረ ገጹ ስለተበላሸ ውጤትዎን...»

«ማን ልበል?»

«የላቦራቶሪዋ ልጅ እህት ነኝ።»

«እሷው ናት የማታውቁት ሰው ስለ ውጤት ከደወለ ዝጉበት ያለችን» ብለው ጠረቀሙባት።

ሁለተኛው ሳይሰናበቱ ዘጉ። ሦስተኛዋ «በሰው ሕመም ትነግጃለሽ? አታፍሪም?» ብለው አወረዱባት። አሥራ አንደኛው ላይ ጽዱ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች።

እህቷ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። ሲያኮርፉ የዋሉ ሰዎች እንደሚያደርጉት የጽዱን ዓይን ሸሸች። «ስንቱን አገኘሽ?»

«አሥራ አንድ። አንድም ያመነኝ የለም» አለች ጽዱ። «አንዷማ ለፖሊስ ነው የምናገርብሽ አሉኝ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

እህቷ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ፦

«እሰይ!» አለች። «እሰይ የኔ አንበሶች!»