ክዳኑ ላይ ያለው ሽመላ

ወይዘሮ ዶሮቲ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንድ ልማድ አላቸው። የብር ስኳር ማስቀመጫቸውን ጭናቸው ላይ ያኖሩና፣ ቤታቸው እየመጣች የምትንከባከባቸውን አያልነሽን «በይ ንገሪኝ» ይሏታል። እሷም ትነግራቸዋለች፤ በብሩ ላይ እንደ መስታወት ቀልጦ የተጋገረውን ሰማያዊ ኢናሜል፣ ቀርከሃውን፣ ማዕበሉን፣ ክዳኑ ላይ አንገቱን አስግጎ የቆመውን ነጭ ሽመላ። ዕቃው የፈረንሳይ ነው፤ ከቅድመ አያታቸው የወረደ።

«ያኔ የፓሪስ አንጥረኞች የጃፓን ዕቃ አይተው ልባቸው ጠፍቶ ነበር» ይላሉ ዶሮቲ። «አገሩን ሳያዩ ሠሩት። አሁን እኔም እንደነሱ ነኝ።»

ዓርብ ዕለት ለአያልነሽ ልጅ ለሶሲ በዚያው ዕቃ ከረሜላ ሞልተው ላኩላት። «ሰኞ ትመልሽልኛለሽ።»

ታዲያ የሰው ዕቃ እንዴት ባዶውን ይመለሳል? አያልነሽ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች አይብ ሠራች። አይብ የሚገባበት ዕቃ ደግሞ መታጠን አለበት። ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ባለው የራሷ አፓርትመንት በረንዳ ላይ ከሐበሻ ሱቅ የገዛችውን ወይራ አጫጭሳ መጀመሪያ ዕቃውን፣ ቀጥሎ ክዳኑን ደፋችበት። የፌብሩዋሪ በረዶ ገና አልሟሟም። የጋለውን ክዳን አንስታ ሲሚንቶው ላይ ስታሳርፈው ጠቅ አለ። ከሽመላው አንገት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወረደች።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣች። የታጠበ ሳህን ደግማ አጠበች። ክዳኑን በመስኮቱ ብርሃን አየችው፣ በስልኳ መብራት አየችው፤ ስንጥቋ በየትም በኩል አለች።

«ምን ያንቆራጥጥሻል?» አላት ባሏ እንዳልክ፣ ኤርፖርት ሰው አድርሶ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ። «ሴትዮዋ እንደሆነ አያዩም!»

«እኔ አያለሁ።»

«ነገ እንደ ወትሮው ትነግሪያቸዋለሽ፣ አለቀ። በአይብ ሰበብ ሥራሽን ልታጪ ነው?»

ሶሲ ከሶፋው ቀና ሳትል፣ «ማሚ፣ ጀስት ቴል ኸር፤ ንገሪያቸው በቃ» አለች።

«አንቺ ከረሜላሽን ብዪ!» አላት አባቷ።

ሰኞ ጠዋት በኮልፋክስ ጎዳና አውቶብስ ዴንቨር ዶሮቲ ቤት እስክትደርስ ዕቃውን ከቦርሳ ወደ ጭኗ፣ ከጭኗ ወደ ቦርሳ ስታመላልስ ነበር።

ዶሮቲ ክዳኑን አንስተው አሸተቱ። «ይኼ ምንድን ነው? ጭስ?»

«ወይራ ነው። እኛ አገር ዕቃ እንዲህ ይታጠናል።»

አይቡን በጣታቸው ቀምሰው ሳቁ። «ይኼ ምስኪን ዕቃ ከስኳር ሌላ ቀምሶ አያውቅም።» ክዳኑን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «በይ ንገሪኝ።»

«ሰማያዊው አለ… ቀርከሃው አለ። ማዕበሉም…»

«ሽመላውስ? ዛሬ በረረ እንዴ?»

የምትለውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እንደ ወትሮው ብትቀጥል ማንም አይይዛትም። ግን ሴትዮዋ የሚያዩት እሷ የምትነግራቸውን ብቻ ነው።

«አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል» አለች። «እንደጋለ ብርድ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።»

የዶሮቲ ፊት ጠቆረ። አያልነሽ ኮቷን ገና አላወለቀችም፤ በሩን ዞር ብላ አየችው።

«የት ጋ?» አሉ ጣታቸውን ዘርግተው።

ይዛ አሳረፈችላቸው። ጣታቸው ስንጥቋን ተከትሎ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ።

«በይ» አሉ ደረቅ ባለ ድምፅ፣ «ከላይ ጀምሪልኝ። ይኼንንም ጨምረሽ።»

አያልነሽ ኮቷን አወለቀች።