ወንድም የቆረጠው ፓፓያ

ካሊክስቶና ታላቅ ወንድሙ ሄርሞጌነስ እርሻቸው ጎን ለጎን ነበር፤ ካፖሆ በሚባል የደሴት መንደር፣ ከእኔ ማሳ ወረድ ብሎ። እርሻ እንበለው እንጂ አፈር የለውም፤ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። እሱን እየፈለፈልን የፓፓያ ዘር እንጥልበታለን፣ የቀረው የዝናብ ሥራ ነው። ከፊሊፒንስ መጥተን በሰው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ወገባችን ካለቀ በኋላ፣ የራሳችን የምንለውን ያገኘነው ከዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

አባታቸው ሲሞት ካሊክስቶ ገና ልጅ ስለነበር ያሳደገው ሄርሞጌነስ ነው። ወደዚህ ደሴትም ያስመጣው እሱ ነው። ስለዚህ ካሊክስቶ የልጅ ልጅ ካየ በኋላም ወንድሙ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም እንደሚጠራው «ማኖንግ» እያለ፣ በአንቱታ ነበር የሚያናግረው።

በሽታው መጀመሪያ የታየው ባለቤቶቹ ትተውት በሄዱት አንድ ማሳ ላይ ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጨማደዳል፤ ፍሬው ላይ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይወጣል፤ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ዛፉ ቆሞ ይመነምናል። ቫይረስ ነው አሉን። ክሽክሽ፣ ያቺ ከቁም ነገር የማትቆጠር ተባይ፣ ከታመመው ቀምሳ ጤነኛውን ትወጋዋለች። መድኃኒት የለውም። የእርሻ ቢሮ ሰዎች ሰበሰቡንና «ምልክት ያያችሁበትን ዛፍ ሳታሳድሩ ቁረጡ። አንድ ሰው እምቢ ካለ ለሁላችሁም ይተርፋል» አሉ።

ካሊክስቶ አመነ። በማግስቱ ቆንጨራውን ይዞ ገባ።

«ፍሬ የያዘውንም?» አለችው ሚስቱ ፕሩደንሲያ።

«ፍሬ የያዘውንም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለይቶልሃል!»

ከራሱ ሲጨርስ የእኔን አብሮኝ ቆረጠ። ጎረቤቱንም ሁሉ እንዲቆርጥ እየዞረ ለመነ። ሄርሞጌነስ ብቻ ቀረ።

«ማኖንግ፣ ይቺኛዋ ረድፍ ገርጥታለች።»

«ዝናብ በዝቶባት ነው።»

«ፍሬውን ቢያዩት እኮ ቀለበት አውጥቷል።»

«ታዲያ አንተን ምን ቸገረህ? ሊያገባ ይሆናል!»

በአጠገቡ የነበርን ሳቅን። ካሊክስቶ አልሳቀም።

«የቢሮ ሰዎቹ እንዳሉት ከሆነ…»

«የቢሮ ሰው ዛፍ ተክሎ ያውቃል? የተከልኩት እኔ ነኝ። አንተንም የተከልኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ልታስተምረኝ መጣህ?»

አንድ እሑድ ሄርሞጌነስ አውራ ዶሮውን ታቅፎ ወደ ዶሮ ማዋጊያው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የቆንጨራ ድምፅ ሰማሁና ወረድኩ። ካሊክስቶ የወንድሙ ማሳ ውስጥ ነው። የገረጣችውን ረድፍ ብቻ ሊቆርጥ ነበር የገባው። ግን ቀጥሎ ያለውም ታሟል፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። እያለቀሰ ነበር የሚቆርጠው። «ተው» ብለው አልሰማኝም። የማሳው ግማሽ ወድቆ ነበር ሄርሞጌነስ ሲመጣ።

ዶሮው አሸንፎለታል፤ በብብቱ እንደያዘው ቆሞ የወደቁትን ዛፎች አየ።

«ጨርሰው እንጂ» አለ። «ምን ያስቀርሃል?»

«ማኖንግ…»

«ከዛሬ ወዲያ እንደሱ ብለህ እንዳትጠራኝ።»

መቁረጡም አላዳነንም። ነፋሱ ክሽክሿን ከየት ከየት እያመጣ ሲያራግፍብን ከረመ። ከካሊክስቶ የተረፈውም፣ የእኔም፣ የሄርሞጌነስ ግማሽም አንድ ላይ አለቀ። ቢሮው እንደገና ሰበሰበን። አንድ ወጣት ባለሙያ መሬት መሬት እያየ «ከእንግዲህ መቁረጥ ስለማይጠቅም አቁሙ» አለ። ካሊክስቶ ከመቀመጫው ተነሣ።

«የቆረጥኩት የወንድሜስ?»

ልጁ አልገባውም። ፕሩደንሲያ የባሏን እጅጌ ጎተተች። «ተቀመጥ፣ በናትህ።»

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ከደሴቱ ማዶ ባለ ሆቴል ሥራ ገባን፤ እኔ አትክልት ቦታው፣ ካሊክስቶ እቃ አጠባ፣ ሄርሞጌነስ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። የሚወስደን አንድ አውቶቡስ ነው። ሄርሞጌነስ ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጣል። ካሊክስቶ በየማለዳው በሱ በኩል ሲያልፍ «እንደምን አደሩ» ይላል። ሄርሞጌነስ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። በመሃሉ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ወጣ ተባለና ወጣቶቹ ካፖሆን እንደገና ተከሉት። ካሊክስቶ ዘር ውሰድ ቢባል «ለማን?» አለ።

አንድ ቀን የሄርሞጌነስ ቦታ ባዶ ሆነ።

«አሟቸው ነው?» ብሎ ካሊክስቶ ሹፌሩን ጠየቀ።

«አልሰማህም እንዴ? ጡረታ ወጥተው ትናንት ወደ አገራቸው ገቡ። አየር ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?»

ሹፌሩ አሰበ። «ምንም። ሻንጣቸውን ዝናብ እንዳይነካው ነበር የሚጨነቁት።»

ካሊክስቶ ወደ ኋላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሆቴሉ እስክንደርስ ድረስ ዓይኑ ከሹፌሩ ኋላ ካለው ባዶ ወንበር አልተነሣም።