አንድም ፊደል ያልተሳሳተ

ሃያ ሰባት ዓመት አራሚ ነበርኩ። ይህን እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስናገር ሰው እጄን ያያል። እዚህ አገር አራሚ ማለት ጎንበስ ብሎ ከስንዴ መሀል እንክርዳድ የሚነቅል ነው፤ የኔ እጅ ደግሞ ማጭድ ጨብጦ አያውቅም። የለም፣ ጋዜጣ ቤት ነው የነበርኩት፣ ሰዎች የጻፉትን እያነበብኩ ስህተቱን ነበር የምነቅለው ስላቸው፣ ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አስተካክለው አይጽፉም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስጠይቅ ነው የኖርኩት።

ጋዜጣችን "መሰላል" ይባል ነበር። ባለቤቱ ሽመክት የሞላሌ ልጅ ነው፤ ብሎኬት ሲሸጥ ኖሮ ድንገት ሐሳብ ልሽጥ ብሎ የመጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰበሰበንና ወረቀት ሞቷል፣ ጋዜጣ ማንበብ ከእንግዲህ የጡረተኛ ሥራ ነው፣ መጪው ዘመን የስልክ ነው አለን። የወረቀት መወደድን ምክንያት አደረገ። በዚያው ወር ለዩቲዩብ ስቱዲዮው መደገፊያው ላይ የአንበሳ ራስ የተቀረጸበት ወንበር አስመጣ። እዚያ ወንበር ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ሙሉቀን! የኮከብ ቆጠራ ዓምድ ይጽፍ የነበረው ሙሉቀን፤ "ኮከብዎ ሸርጣን ከሆነ በዚህ ሳምንት ከአማትዎ ይጠንቀቁ" እያለ ስንቱን ትዳር ያመሰው። አሁን "የፖለቲካ ተንታኝ" ተብሏል። ሥራው ግን ያው ነው፤ ያላየውን ይናገራል፣ ከደረሰለት "ብዬ ነበር" ይላል፣ ካልደረሰለት ዝም ይላል። እኛን አራሚዎቹን በአንድ ቀን አሰናበቱን። ተንታኝ አይሳሳትማ።

እኔም ጓዜን ጠቅልዬ አገሬ ገባሁ። ረስቼው ነበር፤ ያ ሙሉቀን እዚህ ድረስ ተከትሎኝ ባይመጣ።

አመጣጡ "ቅርሳችን በማን እጅ ነው?" ለሚል ትንታኔ ነው። ስልኩን በዘንግ ሰክቶ ከሚኒባስ ወረደና በቀጥታ ወደ መሪጌታ አትናቴዎስ ሄደ። መሪጌታ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዛሬም ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር ከጊሼ፣ ከመርሐቤቴ የመጡ አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ያስተምራሉ። ጧሪ ልጅ የላቸው፣ መሬት የላቸው፤ ያላቸው እነዚያ ተማሪዎች ብቻ ናቸው።

ሙሉቀን ጥንታዊው ተአምረ ማርያም የት እንዳለ ጠየቃቸው። መጽሐፉ ሽፋኑን አይጥ በልቶት ገጹ ይረግፍ ስለነበር፣ የኔታ በሰው አስይዘው ዓለም ከተማ ልከውታል፤ እዚያ ቆዳ እየለፋ፣ በጋለ ብረት ሐረግ እያተመ መጽሐፍ የሚደጉስ ሽማግሌ አለ። እሳቸውም የሆነውን በአንድ ቃል መለሱለት።

"አስደጎስኩት።"

ይህን ቃል ሙሉቀን ከየት ይወቀው? በሸርጣን መጽሐፍ ውስጥ የለም። በማግስቱ ቪዲዮው ወጣ፤ ከሥሩ በቢጫ ፊደል "ደገስኩበት" የሚል ተጽፎበታል። ጉድ በል የመንዝ ሰው! የአምስት መቶ ዓመት መጽሐፍ ሸጠው ድግስ ደገሱበት ማለት ነው። ሙሉቀንም አንበሳው ወንበር ላይ ተቀምጦ የድግሱን ፖለቲካዊ አንድምታ አርባ ደቂቃ ተነተነ። ማን ተጋበዘ? ለምን አሁን? ከበስተጀርባ ማን አለ? አንድ አራሚ ቢኖር አንዲት መስመር አስምሮ ይገላግለን ነበር።

መጽሐፉ ሲላክ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፤ የኔታ ለደብሩ አለቃ በቃል ተናግረው ነበር፣ አለቃው ደግሞ በጾሙ መግቢያ ዐረፉ። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አቶ ጎበዜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት ይጣራ አለ። ሰው ግን እሑድን መች ይጠብቃል! የሦስት ተማሪዎች አባቶች ስልካቸው ላይ አይተው ከጊሼ ድረስ መጡና ልጆቻቸውን ወሰዱ፤ ሌባ ዘንድ ምን ይማራሉ ብለው። ለየኔታ ግን ፊት ለፊት አላሉም፣ ለእርሻ ነው አሉ። የቀሩትም ወላጆች እሑድን እየጠበቁ ነበር። የኔታ የሚበሉት ባይኖር አይገዳቸውም፤ የሚያስተምሩት ባይኖር ግን ሳምንት አይቆዩም። እኔ አውቃቸዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ፣ ሽመክት ለአባቱ ተዝካር ሞላሌ መምጣቱን ሰማሁና በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከድንኳኑ ራስጌ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሰው ሁሉ እሱ የሚያየውን ስልክ አብሮ ያያል። እትዬ ጌታነሽ ብሎ ተነሥቶ ሳመኝ። ይሉኝታ አያጣም፣ የጎደለው ሌላ ነው። ነገሩን አስረዳሁት፤ መደጎስና መደገስ አንድ አይደለም፣ ጋዜጣ በነበርን ጊዜ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ እርማት እናወጣ ነበር፣ አሁንም አውጡ አልኩት። ትከሻዬን ነካ ነካ እያደረገ፣ ጋዜጣ የሞተው በእርማቱ ነው፣ ተሳስቻለሁ የሚል ሚዲያ ማን ያያል አለኝ። ቪዲዮው ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። እርማትን ስንት ሰው ያያል? አንቺና የኔታ፣ እሳቸውም ስልክ የላቸው ብሎ ሳቀ።

ለተዝካር መሄዴን ረሳሁት።

"አባትህን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው" አልኩት። "በአባትህ ተዝካር ላይ አስተማሪውን ሌባ ብለህ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ጸሎት ማን የሚቀበልልህ ይመስልሃል?"

ድንኳን ሙሉ ሰው ከስልኩ ቀና ብሎ አየው። ሽመክት፣ እሑድ ሙሉቀንን እልከዋለሁ፣ የተባለውን ሁሉ ቀርጾ በራሳቸው በየኔታ ቃል እርማቱን ያወጣል፣ አንድ ፊደል አይሳሳትም ብሎ በአባቱ ዐፅም ማለልኝ። አመንኩት። የሰው ሞኝ አይታረምም።

መጽሐፉ ቅዳሜ በአውቶቡስ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተክርስቲያኑ ጥድ ሥር አወጡት። ቀይ ቆዳ ለብሷል፤ ዳር ዳሩን ሐረግ፣ መሀሉን መስቀል ታትሞበት ዓይን ያፈዛል። እልል ይባላል ብዬ ስጠብቅ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ይኼማ አዲስ ነው፣ የድሮው የታለ? አቶ ጎበዜ ስልኩን ከፍቶ መጽሐፉን ከቪዲዮው ሥዕል ጋር ያስተያይ ጀመር። ሙሉቀን ለማሳመሪያ የለጠፈው የማን አገር መጽሐፍ እንደሆነ እንጃ፣ ሽፋኑ ወርቅ ቅብ ነው። የእኛ መጽሐፍ በሕይወት ዘመኑ ወርቅ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ጎበዜ ግን አንዴ ስልኩን አንዴ መጽሐፉን እያየ፣ አይመሳሰልም እኮ ይላል! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

የኔታ መጽሐፉን ገለጡና ማንበብ ጀመሩ። ተአምሩ ሲያልቅ፣ ሁልጊዜ እንደሚባለው "ጸሎታ ወበረከታ የሀሉ ምስለ አመታ"፣ ጸሎቷና በረከቷ ከአገልጋይዋ ጋር ይሁን ብለው፣ መጽሐፉን ያስጻፈችውን ሴት ስም ከገጹ ላይ ጠሩ፤ "ወለተ ኢየሱስ"። ይህን ጊዜ ዓይናቸው የደከመው እማማ ተሾመች በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

"መጽሐፉ እሱ ነው" አሉ። "ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እሑድ እሑድ ወለተ ኢየሱስ ስትባል ሰምቻለሁ። ስልኩ ስሟን ያውቃል?"

ስልኩ አያውቅም። ሰው ሁሉ አሜን አለ፤ እልልታውም ያኔ መጣ። ጎበዜ አፍሮ የኔታን ጉልበት ሳመ፤ ከዚያም ለቃለ ጉባኤው ብሎ፣ ይህ መጽሐፍ የቤተክርስቲያኒቱ ንብረት መሆኑን ያምናሉ ሲል ጠየቃቸው። ለፎርሙ ነው፤ ያለ ፎርም ምንም የማይሆንለት ሰው ነው።

"አምናለሁ" አሉ የኔታ።

ሙሉቀን ከዘንጉ ጋር ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እርማቱ ወጣ። አሥራ ሰባት ሰኮንድ ነው። "ያምናሉ?" የሚለው የጎበዜ ድምፅ፣ ከዚያ የየኔታ ፊት፣ ከዚያ "አምናለሁ"። ከላዩ ላይ በቀይ፣ "ሰበር ዜና፦ መሪጌታው በምእመናን ፊት አመኑ"። ሽመክት ዘንድ ደወልኩ። ደስ ብሎት አነሣው፤ ግማሽ ሚሊዮን አልፏል አለኝ። ሰደብኩት፣ አባቱንም ጨመርኩበት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አልተቆጣም።

"እትዬ፣ ቃሉ የራሳቸው ነው" አለኝ። "አንቺ አራሚ ነሽ። እስቲ የተሳሳተች አንዲት ፊደል አሳዪኝ።"

አየሁት። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። አንድም የለችም።

የኔታ ዘንድ ስደርስ ከአሥራ ስድስቱ ዘጠኙ ተማሪዎች ብቻ ተቀምጠዋል። የሌሎቹ አባቶች ማለዳ ደውለው አስጠርተዋቸዋል፤ ለእርሻ። የቀሩት አቀርቅረዋል፣ ሁሉም እንዳዩት ፊታቸው ይናገራል። የኔታ ብቻ ብሩህ ናቸው። ዛሬ ደግሞ በስልክ ወጡ ብለውኛል፣ እርማቱ ነው? ምን ይላል? አሉኝ።

"'አመኑ' ይላል" አልኳቸው።

"ምን አመኑ?"

"እሱን አልጻፈም።"

ሳቁ። ታዲያ ምን ይጻፍ፣ ስናምን አይደል የኖርነው፣ ተባረኩ በያቸው አሉ። ከተቀመጡበት ጠጋ ብለውም እጄን ያዙኝ።

"ጌታነሽ፣ የእነዚያን የጊሼዎቹን አባቶች ስልክ ፈልጊልኝ" አሉኝ። "ልጆቹ ይህን ሳይሰሙ ነው የሄዱት። ደውይና የኔታ አመኑ በያቸው፤ ልጆቻቸውን ይመልሱልኝ።"