ባላምባራስ የማነ የተቀመጡበት አልጋ

አጥናፉ ቅዱሳንን ሲሥል የኖረ የደብር ሰዓሊ ነበር። አንድ ቀን አራዳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው ነጋዴ ዘይኑዲን አስጠራውና፣ «ከፋይ ጨርቄን ሰው እየዳሰሰ ያልፈዋል እንጂ አይገዛም። የንጉሥ መኝታ ቤት ሣልልኝ፤ መጋረጃውን ከእኔ ከፋይ አስመስለህ» አለው።

አጥናፉ ግን ከቤተ መንግሥቱ አጥር አልፎ አያውቅም። ስለዚህ ጠጅ ቤት ሄዶ ባላምባራስ የማነ አጠገብ ተቀመጠ። ባላምባራስ የቤተ መንግሥቱ በቅሎዎች ኃላፊ ሲሆኑ፣ ብርሌው ሲደጋገም በቅሎዎቹን ትተው በወሬ እልፍኝ ይገባሉ።

«የአልጋው እግሮች አንበሶች ናቸው፤ በወርቅ የተለበጡ! ትራሱማ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል።»

አጥናፉ አንድም ሳያስቀር ሣለው። እጁ ደብር የለመደ ስለሆነ ግን ከአንበሶቹ አንዱ አክሊለ ብርሃን ደፍቶ ተገኘ።

ሥዕሉ ሱቁ ፊት ሲሰቀል ሰዉ ጎረፈ። ባላምባራስም በዚያ ሲያልፉ ግርግሩን አይተው ከበቅሏቸው ወረዱ።

«ባላምባራስ፣ እውነት እንዲህ ነው?» አለቻቸው ነሲባ የምትባል ቅቤ ነጋዴ።

«ምን ጥርጥር አለው! እኔ ራሴ አልጋው ላይ ተቀምጫለሁ!»

የአራዳው ዘበኛ ፍቅሬ የሰማው ይህንኑ ብቻ ነበር። አልጋ ማለት ዙፋንም ነውና ደሙ ፈላ። «በሕግ አምላክ! አልጋ ላይ ተቀመጥኩ አለ!» ብሎ ባላምባራስን፣ ሰዓሊውንና ነጋዴውን ከነሥዕሉ እየነዳ ዳኛ አባይነህ ፊት አቀረባቸው።

«አልጋውን አይተውታል?» አሉ ዳኛው።

ባላምባራስ አየሁ ቢሉ፣ የበቅሎ ሹም እልፍኝ ምን ሊሠራ ገባ ሊባል ነው። «ዋሽቼ ነው፣ ጌታዬ። እኔ የማውቀው ጋጣውን ነው።»

ዳኛው ወደ አጥናፉ ዞሩ። «እንግዲያው አንተ ውሸት ሥለህ ንጉሡን ሰድበሃል!»

«ጌታዬ ያዩት እንደሆነ፣ የተሳሳትኩትን ያሳዩኝና ላርመው» አለ አጥናፉ በቅንነት።

ዳኛው ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። አየሁ ማለት ያስጠይቃል፤ አላየሁም ማለት ደግሞ ሹመት ያቀላል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከሥሩ ‹የንጉሥ ሰሎሞን መኝታ ቤት› ብለህ ጻፍበት። እሳቸው አይከሱህም። ጽሑፉ እስኪደርቅም ሥዕሉ እኔ ቤት ይቆይ።»

ባላምባራስ ብዙም ሳይቆዩ ጠጅ ቤት ተመለሱ። «ምሥጢር መጠበቅ እንዲህ ነው! ዳኛ ፊት ዋሸሁ ብዬ የጌታዬን ገመና ሸፈንኩ» ሲሉ፣ ድሮ የማያምናቸው ሁሉ ተነሥቶ ቀዳላቸው።

ዘይኑዲን ግን ሥዕሉን ሊወስድ ዳኛው ደጅ ተመላለሰ። «ገና ነው፤ ክረምቱ አላደርቅ ብሎ ነው» ይሉታል። መስከረም ጠባ፤ ቀለሙ አልደረቀም። ሥዕሉ ለካ ዳኛው ከሚተኙበት መደብ በላይ ተሰቅሏል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አይናዲስ ጠዋት ጠዋት ሲያዩት ሰንብተው አንድ ቀን ተነሡ።

«አልጋው ግድግዳ ላይ፣ እኛ ጭቃ ላይ! ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

ያኑ ዕለት አናጢ አስጠሩ፤ ለመጋረጃውም ዘይኑዲን ዘንድ ላኩ። ወሬው ወደ ሌሎቹ ሹማምንት ሚስቶች ተዛመተ። ዘይኑዲን ከፋዩን ጨርሶ ሌላ በባቡር አስመጣ፤ ስለ ሥዕሉም መጠየቁን ተወ።