አንድ ቀረሽ

ዶክተር መርዕድ በሰው ፊት «ለመሆኑ ጋሼ፣ እስከ ስንተኛ ክፍል ተምረዋል?» አለኝ።

አንድ ኮሌጅ ሯጮቹን የአእምሮ ጥንካሬ እንዲያስተምር የቀጠረው ሰው ነው። ከንቲንዳ ሰፈር በመኪናው የመጣው ከሯጮቹ አንዷን፣ ምስጢርን፣ ሊያይ ነበር። እኔ በስደት በምኖርባት ከተማ፣ ካንሳንጋ ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እጠግናለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ምስጢር ከዋንዴገያ በቦዳ ሞተር ትመጣና ከሱቄ ጀርባ ባለው ቀይ ሜዳ አስሮጣታለሁ።

«አራተኛ» አልኩት። ምን አሳፈረኝ?

«ልጅቷን እየዋሿት ነው። ሯጭ የቀረውን ዙር በትክክል ማወቅ አለበት።»

እዋሻለሁ፤ አልካድኩም። ስምንት ዙር እላትና ስትጨርስ «አንድ ቀረሽ» እላለሁ። እሱንም ስትጨርስ «አንድ ብቻ»። እንዲህ እያልን አሥራ ሁለት እንገባለን።

«ጋሼ ኪሩ፣ እግዜር ይይልዎ!» ትለኛለች ምራቋን እየተፋች።

«ይየኝ። አንቺ ሩጪ።»

ውሸቱን የተማርኩት ከትልልቆቹ ነው። ወጣት ሆኜ አዲስ አበባ ስሮጥ፣ የቡድኑ አለቆች ስድስት ዓመት ሙሉ «አንድ ውድድር ብቻ ቀረህ፤ ከዚያ ውጭ እንልክሃለን» እያሉ አስሮጡኝ። በመጨረሻ የላኩት የአሰልጣኙን የእህት ልጅ ነው። እኔን «ያልተማረ፣ ውጭ ሄዶ ያዋርደናል» አሉኝ። ስማቸውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ምስጢር ሁለት ውድድር አቋርጣ ወጥታለች። እግሯ ደህና ነው፤ መጨረሻው ላይ ልቧ ይከዳታል። በነፃ የምትማረው በሩጫዋ ነው፤ ሦስተኛ ካቋረጠች ኮሌጁ ያሰናብታታል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ያነበበላት ይኸው ዶክተር ነው።

የውድድሩ ዕለት ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ነበር። ዳኛው ቆጠራ ተሳስቶ የመጨረሻውን ደወል አንድ ዙር አስቀድሞ ደወለ። ልጆቹ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ገቡ። መስመሩን ሲያልፉ ሌላ ዳኛ «አንድ ዙር ቀረ!» ብሎ ጮኸ። አንደኛዋ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሁለተኛዋ ከዳኛው ጋር መጨቃጨቅ ጀመረች። ሦስተኛዋ ምስጢር ነበረች። እሷም ቆመች።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም! አቤቱታ እናስገባለን!» አለ ዶክተሩ፣ ጃኬቷን ይዞ ሊሮጥ እየተነሳ።

አቤቱታ! እኔም ስንቱን አስገብቻለሁ።

ምስጢር በዓይኗ ፈለገችኝ። አንድ ጣቴን ቀሰርኩ።

ያለችው አልተሰማኝም፤ ከንፈሯን ግን አውቀዋለሁ። እግዜር ይይልዎ። ብላም ሮጠች።

አሸነፈች ብዬ አልዋሽም። ያቺ ስትጨቃጨቅ የነበረችው ከኋላ ደርሳ መስመሩ አጠገብ ቀደመቻት። ሁለተኛ ወጣች። ኮሌጁም አላሰናበታትም።

ለፎቶ ሲሰለፉ ዶክተሩ «ስልጠናችን ፍሬ አፈራ» ሲል ሰማሁት። ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ ትንሽ ወደ ጎን» አለኝ።

ንቅንቅ አላልኩም። በጎማ ጥላሸት የጠቆረ እጄን የምስጢር ትከሻ ላይ ጣል አድርጌ ቆምኩ። ከፈለገ ፎቶውን ይቀደው።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት መጣች።

«ዛሬ ስንት ዙር ነው?»

«ስምንት።»

«ውሸታም ነዎት!» አለችኝና መሮጥ ጀመረች።