ለሁለት የተከፈለው ማጫወቻ

ዘሀራ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ካሴት ወደ ፍላሽ የምትገለብጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ቀድሞ ከሊሙ ገነት ቡና እያመጣች ትነግድ ስለነበር፣ ሙሉ ጆንያ ለሁለት ከፍሎ የሚያመጣን ሰው አታምንም። ሳይሰርቅ አይከፍልም ባይ ናት።

ኮምፒውተሯን የሚያይላት ጥላሁን አዲሱን ሲስተም የጫነ ዕለት፣ «እትዬ ዘሀራ፣ የድምፅ ማጫወቻው ፕሮግራም ድሮ አንድ ነበር፤ አሁን ለሁለት ከፍለውታል። ሁለተኛውን ልጫን ወይ ሲልዎት እሺ ይበሉት» ብሏት ሄደ።

ኮምፒውተሩ ሲጠይቃት፣ «በአንድ ሲሠራ የኖረውን ምን አስከፈለው» ብላ እምቢ አለችው።

በማግስቱ ደንበኛዋ ኢፍቱ ከደዶ መጣች። የሟች አባቷን መንዙማ ከካሴት የገለበጠችላት ዘሀራ ናት፤ ካሴቱ ያኔውኑ ተበጥሷል። አሁን ለሰርግ ሌላ ቅጂ ፈልጋለች። ፍላሹ ተሰካ፤ ድምፅ የለም። ዘሀራ ያ እምቢ ያለችው ነገር ውል አላት። ግን አጠፋሁ ማለት አይሆንላትም።

«ፍላሹ ነው የተበላሸው። ሰው ነካክቶታል» አለች።

«ሃምዳን ነዋ፣ ወንድሜ» አለች ኢፍቱ። «ወደ ስልኬ ልጫን ብሎ ወስዶት ነበር።» እንባዋን እየጠረገች ወጣች።

ከሦስት ቀን በኋላ የሌሎቹም ደንበኞች ፍላሽ ዝም ሲል ጥላሁን ተጠራ።

«ሁለተኛውን አልጫኑትም እኮ። የድሮ ቅጂ የሚያነበው እሱ ነው» ብሎ ሳቀ። «በር ገዝተው ቁልፉን መለሱ።»

ሻይ እስኪቀርብለት እንኳ ሳይቆይ ሁለተኛውን ጭኖ ጨረሰ። ዘሀራ ግን አላመሰገነችውም። ሱቁን ዘግታ የደዶ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ፍላሹን ጠገንኩት ብል ማን ያውቃል፣ እያለች ነበር መንገዱን የጨረሰችው።

ኢፍቱ ከደጅ ተቀበለቻት። «ሃምዳን ሰርጉ ላይ እንዳይደርስ ብዬዋለሁ፣ አዴ ዘሀራ። የአባቱን ድምፅ ያጠፋ ሰው ወንድሜ አይደለም።»

ዘሀራ ያሰበችውን ውሸት ተወችው።

«ፍላሹ ደህና ነው» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የተባልኩትን አልሰማ ብዬ፣ በናንተ አላከክሁት።»

«ማል ጄቱ? ምን እያሉኝ ነው?»

«ወላሂ እኔ ነኝ።»

ኢፍቱ ወደ ቁልቁለቱ ጠቆመች። «ሃምዳን ታች እርሻው ላይ ነው። እኔ በምን አፌ? እርስዎ ይንገሩት።»

«አብረን እንውረድ።»

«አልወርድም።»

ዘሀራ ጫማዋን አውልቃ በጭቃው ወረደች። ሃምዳን አይቷት ከቁፋሮው ቀና አለ፤ ፊቱ ገና ከሩቅ ተቆጥቷል። ሰላምታውን እንኳ ሳታስቀድም፣

«ያንተ ጥፋት አልነበረም» አለችው።