አሥራ አንድ የግራ እግር

የባሌን የያሕያን ሱሪዎች የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንዱንም። ሸዋሮቢት ውስጥ ይኼን ያላወራ የለም። አንዱ በንዴት ቆረጠችው ይላል፣ ሌላው ልትፈታው ፈልጋ ነው ይላል፣ ጨርቅ ቸግሯት ነው ያለም አለ። ሁሉም ውሸት ነው። የቆረጥኩት ልኩ እንዲሆን ብዬ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ ሲንጀሬን ዘርግቼ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሴት ቀሚስና መጋረጃ እንጂ የወንድ ሱሪ አትችልም ይባላል። እኔን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል አስወጥቶ መቀስ አስያዘኝ። «ሜትር መቶ ጊዜ ብትዘረጊ ማንም አይከስርም፤ መቀስ ግን አንዴ ነው» ይለኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ። መስማት ሌላ፣ ማድረግ ሌላ።

ያሕያ መጀመሪያ የመጣው የቦንዳ፣ ከውጭ የገባ ልባሽ ሱሪ ይዞ ነው። የሽንኩርት ደላላ ነበር፤ በቀወት ገበሬና በአዲስ አበባ ነጋዴ መሃል ቆሞ ዋጋ ያስማማል። ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ረጅም። ከቦንዳ ክምር ውስጥ ለሱ የሚሆን አይገኝም። ወገቡ ልክ ሲመጣ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል፤ ቁመቱ ልክ ሲመጣ ወገቡ ውስጥ ሌላ ሰው ይጨመርበታል።

«ይኼን አስተካክይልኝ» አለኝ።

«ይኼ አይስተካከልም። አዲስ ይሰፋል።»

«ሳትለኪኝ?»

«ከመንገድ ስትመጣ ለክቼሃለሁ።»

ሳቀ። በኋላ በሜትር ስለካው አንድ ነገር አገኘሁ፤ ግራ እግሩ ከቀኙ ግማሽ ጣት ይረዝማል። ሰው ሁለት እግሩ እኩል ይመስለዋል። የሚያውቀው ሜትር የያዘ ነው። ለሱ አልነገርኩትም፤ ምን ያደርግለታል? ግራውን ግማሽ ጣት አስረዝሜ ሰፋሁለት። ለብሶት መስታወት ፊት ዞረ፣ ተመለሰ፣ «ይኼ ሱሪ እኔን ያውቀኛል» አለ። በሦስተኛው ሱሪ ሽማግሌ ላከ።

ከተጋባን በኋላ አንድ አንድ እያልኩ ሞላሁለት። ቡናማው ገበርዲን ገጠር ለሚወርድበት ቀን ነው፣ አቧራ አያሳይም። ጥቁር ሰማያዊው ለሠርግና ለሽምግልና። ግራጫው ለዒድ፤ ስስ ጨርቅ ነው፣ በዚህ ሙቀት ላብ አይዝም። ሌሎቹም እንዲሁ ለየራሳቸው ቀን ነበሩ። ኮቶቹ ሦስት። ሁሉንም በየመስቀያቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅላል፣ ራሱ ይተኩሳል፣ እኔን እንኳ አያስነካም። «ገበሬ መጀመሪያ የሚያየው ሱሪህን ነው» ይል ነበር። «ሱሪው ልኩ ያልሆነ ሰው የሚያወጣው ዋጋም ልክ አይመስለውም።»

አምና ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ከካራቆሬ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ሾፌሩ ሞተ። ያሕያን ከጆንያው ሥር አወጡት፤ ግራ እግሩን ግን ከጉልበት በላይ ቆረጡት።

ከሐኪም ቤት ሲወጣ ሽርጥ አገለደመ። ሽርጥ እዚህ ቆላ ለወንድ ነውር አይደለም፣ ስንቱ የሚውልበት ነው። ለያሕያ ግን ሽርጥ የቤት ልብስ ነው፤ እሱን ለብሶ ከደጅ አይወጣም። መስጊድ ቀረ። ጁምዓም ቀረ። የሚጠይቁት ሰዎች መጀመሪያ በየቀኑ መጡ፣ ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ ከመንገድ ላይ ለእኔ «ሰላም በይልን» ማለት ጀመሩ። ገበሬዎቹም ሌላ ደላላ ያዙ።

በአምስተኛው ወር ጎትጉቼ አወጣሁት። ቡናማውን አለበስኩት፣ ባዶውን እግር ወደ ላይ አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩለት። በክራንች ሽንኩርት ተራ ደረሰ። እዚያ መርፌ ቁልፉ ተከፈተ። ጨርቁ ወርዶ ጭቃው ላይ ተጎተተ። ሙዓዊያ የሚባል ደላላ አለ፤ ሥራውን ያስተማረው ያሕያ ነው። እሱ ጮክ ብሎ፣

«ጋሼ ያሕያ፣ ሱሪዎ እግሩ ጠፍቶት መሬት ለመሬት ይፈልጋል!» አለ።

ሰው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም ይላሉ እዚያ የነበሩት። ሳቅ ሳቅ ነው።

ያን ቀን ገብቶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ከደጃፍ አላለፈም። ምግብ ቀነሰ። «ያረቢ፣ ያኔውኑ ከሾፌሩ ጋር ብትወስደኝ ምን ነበረበት» ሲል ሰማሁት። አንድ ቀን አይደለም፤ ከየሶላቱ በኋላ። እኔ የፈራሁት ይኼንን ነው። ይኼ ሰው ካልወጣ ይሞትብኛል አልኩ።

ጤና ጣቢያ ናርዶስ የምትባል ሲስተር አለች፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች። ቁስሉን እየመጣች ታጥብለት ነበር። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አሉ አለችን፤ በዓመት አንዴ ደሴ ለአሥር ቀን ይቀመጣሉ፣ ሰው ሠራሽ እግር ይገጥማሉ። ስሙን አስመዘገበችለት።

«ተራው መቼ ይደርሳል?» አልኳት።

«እሱን አላውቅም፣ እትዬ ሐምዲያ። ዘንድሮም ሊሆን ይችላል፣ ለከርሞም።»

ተራ የሚባለውን አውቀዋለሁ። የመብራት ቆጣሪ ተራ አራት ዓመት ጠብቄ፣ ከእኔ በኋላ የተመዘገበ ሰው ቤት ነው መጀመሪያ የበራው። ያሕያ ግን አመነ። ያመነው ነገር ደግሞ ይኼ ብቻ ነበር።

«ሱሪዎቹን ላስተካክልልህ» አልኩት። «ከጭንህ በታች ቆርጬ አፉን በሥርዓት ልዝጋው። መርፌ ቁልፍ የለ፣ መጎተት የለ።»

«እንዳትነኪያቸው።»

«ለማን ነው የተሰቀሉት? ለብል?»

«እግሬ ሲመጣ ለብሻቸው እወጣለሁ።»

«እግርህ እስኪመጣ አንተ ትኖራለህ?»

ፊቱን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞረ። «ሐምዲያ፣ ከወደቅኩ ጀምሮ ምንም አልለመንኩሽም። ይኼን ልለምንሽ። መቀስሽን ከቁም ሳጥኔ አርቂው» አለኝ።

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

ረመዳን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው እህቱ ሳሊሃ ከቀወት መጣች። አየር ይቀይር ብላ፣ ሰው እንዳያየው ገና ጎህ ሲቀድ፣ በጎረቤታችን በሷሊሕ ባጃጅ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። ባጃጁ ከዓይኔ ሲጠፋ በሩን ዘጋሁ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ።

እውነቱን ልናገር፤ አላመነታሁም። ልብስ የሚሰፋው አሁን ላለው ሰው ነው፣ ለነበረው አይደለም አልኩ። ግራጫውን አስቀደምኩ። ከዚያ ጥቁር ሰማያዊውን። ጉቶው እንዳይፋቅ ውስጡን በለስላሳ ጨርቅ ገበርኩት፣ ስፌቱን ከኋላ አደረግሁት፣ ወገባቸውንም ከስቷልና ሁለት ሁለት ጣት አጠበብኩ። በሦስት ቀን አሥራ አንዱን ጨረስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥርቼ የሰፋሁት ሥራ የለኝም።

ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ የግራ እግር ተረፈ። ከአንድ ረጅም ሰው እግር የሦስት ዓመት ልጅ ሱሪ ይወጣል። ጥሩ ጨርቅ አይጣልም። ቁጭ ብዬ አሥራ አንድ የልጅ ሱሪ ሰፋሁና በሰፈሩ አባት ለሌላቸው የቲሞችና ለችግረኛ ልጆች ለዒድ አደልኩ። አላህ ሆይ፣ ያሕያን ከቤት አስወጣልኝ ብዬ በልቤ ነየትኩበት።

በዒዱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ሰማሁ። ያሕያ ከሷሊሕ አጠገብ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲሄድ ከኋላ በመጋረጃ ተሸፍኖ ነበር የሄደው። ይስቃል። ባጃጁ ሳይቆም፣

«ሐምዲያ! ግራጫውን አውጪልኝ!» አለ።

«ምን ተገኘ?»

«ናርዶስ ደወለችልኝ! ተራዬ ደርሷል። ማክሰኞ ደሴ ነኝ። ነገ ባዶውን እግር አጥፌም ቢሆን ለዒድ መስጊድ ወጥቼ፣ ለሰው ሁሉ ነግሬ ነው የምሄደው።»

ሷሊሕ ደግሞ፣ «እትዬ፣ መንገዱን ሁሉ የሱሪ ወሬ ብቻ! ግራጫው፣ ግራጫው እያለ ጆሮዬን በላው» አለኝ።

ግራጫው ግድግዳው ላይ ተተኩሶ ተሰቅሏል። በክራንቹ ገባና አየው። ቀረብ ብሎ ጨርቁን ዳሰሰ። ስፌቱ ላይ እጁ ቆመ።

«እግሩስ?»

«ቆረጥኩት።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉንም።»

ቁም ሳጥኑን ከፈተ። አንድ በአንድ ነካቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ለቁጣ መልስ ነበረኝ።

«ቁራጮቹ የት አሉ?» አለ በዝግታ። «መልሰሽ ትገጥሚያቸዋለሽ።»

«ለልጆች ሰፋኋቸው። ሰደቃ ሰጠኋቸው። ለአንተ ብዬ።»

አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሷሊሕ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ፣ ከዚያ ባጃጁን እየገፋ፣ ሞተር ሳያስነሳ ሄደ።

«ጨርቅ አለኝ፣ አሁን ልለካህና እስከ ነገ አንድ እጨርሳለሁ» ብዬ ሜትሬን ይዤ ተጠጋሁ። እጄን አልመታም፣ አልጮኸም። በክራንቹ ጫፍ ሜትሩን ብቻ ወደ ጎን አደረገው።

ለዒድ ሶላት አልወጣም። ነጋ፤ ልጆቹ በየቤቱ እየዞሩ «ዒድ ሙባረክ» ማለት ጀመሩ። እኛም በር መጡ። እናቶቻቸው ሂዱና አመስግኗት ብለዋቸው ኖሯል። ስድስት ሰባት ይሆናሉ። ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ አመድማ። ከፊት የቆመችው ባሏ የሞተባት የራሔል ትንሿ ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት፣ ግን ችግረኛ መሆኗን አውቄ ለሷም ሰጥቻለሁ። ግራጫውን ለብሳለች።

ያሕያ ጠራት። የሱሪዋን የግርጌ እጥፋት በሁለት ጣቱ ያዘው። ያቺን እጥፋት እኔ አልፈታኋትም ነበር፣ ድሮ ለሱ ያጠፍኳት ናት።

«ያምራል» አላት። «እደጊበት።»

ከረሜላ ሰጣቸውና ሄዱ። እሱም ለሳሊሃ ደውሎ አስመጣትና በሽርጡ አብሯት ሄደ። ደሴም በሽርጡ ሄደ። ልከተል ብል፣ «አትምጪ» ብሎ ላከብኝ።

እግሩን ገጠሙለት። የተመለሰው ግን ቀወት እህቱ ቤት ነው። አልፈታኝም፣ ወደ ቤትም አልመጣም። በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይመጣል፤ ሽንኩርት ተራ ይቆማል፣ ሥራውን ይዟል። ስለዚህ ጸሎቴ ተሰምቷል ማለት ይቻላል። ከቤት ወጥቷል።

የሚለብሰው ቦንዳ ነው። ወገቡ ይሰፋል፣ ቁመቱ ያጥራል። መጀመሪያ ባየሁት ቀን ዓይኔ ሱሪው ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን አረማመዱን አየሁ። በግራ ሲረግጥ ትከሻው ይወርዳል። ሌላ ሰው አዲስ እግር ስለሆነ ነው ይላል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ሐኪሞቹ ምን ያድርጉ፣ የሚለኩት የቀረውን እግር ነው። ግራውን በቀኙ ልክ ሠሩት። ግማሽ ጣት ይጎድላል።

ናርዶስ ዘንድ ሄድኩ። «ከርሞ ሲመጡ ሊያስተካክሉት ይችላሉ» አለች፣ «ግን ራሱ መጥቶ መናገር አለበት።»

አንድ ቅዳሜ ኮቶቹን ሊወስድ ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆመ።

«ግራህ ግማሽ ጣት ያጥራል» አልኩት። «ድሮም ግራህ ይረዝም ነበር። ለዚህ ነው ወገብህን የሚያምህ።»

«ወገቤን እንደሚያመኝ ማን ነገረሽ?»

«ከመንገድ ስትመጣ አየሁህ።»

ለአንድ አፍታ የሚስቅ መሰለኝ። አንዱን ኮት ለበሰ፣ ሁለቱን ክንዱ ላይ አደረገ።

«ልክ ታውቂያለሽ» አለ። «ቢለምኑሽ ግን አትሰሚም። አሁን እኔም አልሰማሽም።»

«ለከርሞ ንገራቸው፣ ያሕያ። ለእኔ ብለህ አይደለም።»

ፊቱን አዞረ። ቁልቁል ወደ ገበያው ሄደ። ኮቱ አሁንም ልኩ ነው፤ ትከሻው ላይ አልነቃነቅ ብሎ ተቀምጧል። ከሥሩ ግን የቦንዳው ሱሪ ወገቡ ላይ በሲባጎ ታስሯል፤ በግራ በረገጠ ቁጥር ኮቱም አብሮት ያዘነብላል።